ከፍተኛ የትርፍ ድርሻ ሁልጊዜ ከፍተኛ ገቢ ነውን?

በንፋስ መውጫ ገበያ ድንችና ገብስ ገዝቶ ወደ ወልድያ የሚልክ አንድ ነጋዴ በምሳሌነት እንውሰድ። ምርቱ ተሽጦ፣ ዕዳው ተከፍሎ 250,000 ብር በእጁ ቀርቷል። በዚህ መሐል አንድ ደላላ ይመጣና፣ «ይህ ባንክ አምና 30 በመቶ የትርፍ ድርሻ ከፍሏል፤ አክሲዮኑን የሚለቅ ሰው አግኝቻለሁ» ይለዋል። ከቁጠባ ወለድ ጋር ሲነጻጸር 30 በመቶ ልብ ያማልላል። ይሁንና ነጋዴው ገንዘቡን ቆጥሮ ከመስጠቱ በፊት ሦስት ጥያቄዎችን መመለስ ይኖርበታል።

30 በመቶው የየትኛው ዋጋ ነው?

በአገራችን የትርፍ ድርሻ በመቶኛ የሚነገረው አክሲዮኑ ላይ በተጻፈው ዋጋ መሠረት ነው። የተጻፈው ዋጋ 1,000 ብር ቢሆን 30 በመቶው 300 ብር ይሆናል። ሻጩ ግን ያንኑ አክሲዮን 2,500 ብር ሊጠይቅበት ይችላል። በዚህ ዋጋ ነጋዴው 100 አክሲዮን ገዝቶ በዓመት 30,000 ብር ያገኛል። ይህ ካወጣው ገንዘብ 12 በመቶ ብቻ ነው። ግብሩ ሲቀነስ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። በ2014 ዓ.ም. የአገሪቱ የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ እንደነበር ሲታወስ፣ እንዲህ ያለው ገቢ በክፉ ዓመት የገንዘቡን የመግዛት አቅም እንኳ እንደማይጠብቅ ግልጽ ይሆናል።

ክፍያው ከየት ይመጣል? ይዘልቃልን?

በዚህ ረገድ ትልቅ ትምህርት የሚገኘው ከባሕር ላይ የነዳጅ ቁፋሮ ኩባንያዎች ታሪክ ነው። እነዚህ ኩባንያዎች የነዳጁ ባለቤቶች አይደሉም። የቁፋሮ መርከብ እያሠሩ ለነዳጅ ኩባንያዎች በቀን ሒሳብ ያከራያሉ። ነገሩ አይሱዙ በብድር ገዝቶ ለድንች ነጋዴ እንደሚያከራይ ሰው ነው። የድንች ዋጋ ሲወድቅ ነጋዴው መጫኑን ይተዋል፤ የባንኩ ዕዳ ግን አይጠብቅም።

ሲድሪል የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2014 ለአንድ አክሲዮን በየሦስት ወሩ 1 ዶላር፣ ማለትም በዓመት 4 ዶላር በሚደርስ ስሌት ይከፍል ነበር። ብዙ ገዢዎችን የሳበው ይኸው ክፍያ ነው። ከጀርባው ግን ከ10 ቢሊዮን ዶላር በላይ ዕዳ ነበረበት። በዚያው ዓመት ጁን ላይ ከ110 ዶላር በላይ የነበረው የአንድ በርሜል ነዳጅ ዋጋ ማሽቆልቆል ጀመረ፤ በጃንዋሪ 2016 ከ30 ዶላር በታች ወረደ። ሲድሪል በኖቬምበር 2014 የትርፍ ድርሻ መክፈሉን ሲያቆም የአክሲዮኑ ዋጋ በአንድ ቀን ከ20 በመቶ በላይ ወደቀ። በ2017 ኩባንያው የኪሳራ ከለላ ጠየቀ። ከማሻሻያው በኋላ ለነባር ባለአክሲዮኖች የተረፋቸው የአዲሱ ኩባንያ 2 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። ዳይመንድ ኦፍሾር የተባለው ሌላው ቆፋሪም በ2016 የትርፍ ድርሻ አቁሞ በ2020 ወደዚያው መንገድ ገባ።

ባንክ የቁፋሮ መርከብ አይደለም፤ ይሁንና የባንክም ትርፍ ከእጁ ውጭ በሆነ ምክንያት ሊቀንስ ይችላል። ብሔራዊ ባንክ በ2013 ዓ.ም. የባንኮችን ዝቅተኛ ካፒታል 5 ቢሊዮን ብር እንዲሆን ወሰነ። ካፒታል ለማሳደግ አዲስ አክሲዮን ሲሸጥ ትርፉ በዚያው መጠን ካላደገ ለእያንዳንዱ አክሲዮን የሚደርሰው ይሳሳል። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ደግሞ የብድር ዕድገት በዓመት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ ተገደበ፤ ባንክ ደግሞ ዋና ገቢው ከብድር ነው። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. የወጣው ሕግ የውጭ ባንኮች እንዲገቡ በሩን ከፍቷል። ስለዚህ የአምናው 30 በመቶ ለዘንድሮ ዋስትና ሊሆን አይችልም።

በተፈለገ ጊዜ ይሸጣልን?

ድንች ቢረክስም በገበያ ቀን ገዢ አይጠፋም። የአክሲዮን ገዢ ግን ለረጅም ጊዜ በደላላና በትውውቅ ሲፈለግ ኖሯል። የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ወጋገን ባንክ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ኩባንያ ሆነ። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው፤ ነገር ግን መመዝገብ ብቻውን ገዢ አያመጣም። ለመጪው ክረምት የዘርና የማዳበሪያ መግዣ የሚሆን ገንዘብ አክሲዮን ውስጥ ቢገባ፣ ባለቤቱ በችግር ጊዜ በርካሽ ለመሸጥ ይገደዳል።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

ነጋዴው በመጀመሪያ የባንኩን የሦስት ወይም የአራት ዓመት የኦዲት ሪፖርት ጎን ለጎን አስቀምጦ ይይ። መመልከት ያለበት የመቶኛውን ቁጥር ብቻ ሳይሆን የእያንዳንዱን አክሲዮን ገቢ፣ የማይመለሱ ብድሮችን ድርሻና የካፒታሉን ዕድገት ነው። ቀጥሎ ክፍያው በግማሽ ቢቀንስስ ብሎ ያስላ። በምሳሌያችን 12 በመቶው 6 ይሆናል፤ 30,000 ብሩም ወደ 15,000 ይወርዳል። በዚህ ሒሳብም አክሲዮኑ የሚያዋጣው ከሆነ፣ ለሥራው የማያስፈልገውን ገንዘብ ብቻ ያውጣ። የማያዋጣው ከሆነ ግን የገዛው የአምናን ወሬ ነው፤ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እንዲሉ።