የሳተርን ቀለበት ስለምን ይሰወራል?

ዓረቦች ዙሐል የሚሉት ሳተርን በቀለበቱ የታወቀ ፈለክ ነው። ይሁን እንጂ ይህ ቀለበት አንዳንድ ጊዜ ከምድር ለሚመለከተው ሰው ይሰወራል። ለመጨረሻ ጊዜ በጠርዙ ወደ እኛ የዞረው መጋቢት 14 ቀን 2017 ዓ.ም. ነበር። በዚያ ሰሞን ፈለኩ በሰማይ ለፀሐይ ቀርቦ ስለታየ ለመመልከት አልተመቸም፤ በኅዳር 2018 ዓ.ም. ግን ዝንባሌው እንደገና ከግማሽ ዲግሪ በታች ወርዶ፣ ቀለበቱ በማታው ሰማይ እንደ ቀጭን ክር ሆኖ ታይቶአል።

ነገሩን ለመረዳት ከጓዳ ሰፌድ ማምጣት ይበቃል። ሰፌዱን ጠርዙ ከዓይናችሁ ትክክል እንዲሆን አድርጋችሁ ብትይዙት መስመር ብቻ ይታያችኋል፤ ጥቂት ብታዘነብሉት ግን ሞላላ ሆኖ ይገለጣል። የሳተርን ቀለበት ከዳር እስከ ዳር 270,000 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሰፋ፣ ውፍረቱ በአብዛኛው ከ100 ሜትር ያነሰ ነው።

አሁን ደግሞ በክፍሉ መካከል ፋኖስ አስቀምጡና አንዱ ተማሪ ሰፌዱን ወደ አንድ ግድግዳ አዘንብሎ፣ ዝንባሌውን ሳይለውጥ ፋኖሱን ይዙር። ከፋኖሱ አጠገብ የተቀመጠው ተመልካች በአንድ ዙር አንድ ጊዜ የሰፌዱን ላይ፣ አንድ ጊዜ ታቹን፣ በመካከሉም ሁለት ጊዜ ጠርዙን ብቻ ያያል። ሳተርንም እንዲሁ 27 ዲግሪ ያህል እንዳዘነበለ ፀሐይን በ29 ዓመት ተኩል ገደማ ይዞራል። ቀለበቱ አይወዛወዝም፤ የሚለወጠው እኛ የምናይበት አቅጣጫ ነው።

ይህን ለመረዳት ሊቃውንት ብዙ ደክመዋል። ጋሊሊዮ እ.ኤ.አ. በ1610 በፈለኩ ግራና ቀኝ ሁለት ትናንሽ አካላት ያሉ መስሎት ነበር፤ በ1612 ቢመለከት ሁለቱም የሉም። መነጽሩ ደካማ ነበርና ግራ መጋባቱ አያስነቅፈውም። የሆላንዱ ሊቅ ሁይገንስ ፈለኩን ሳይነካ የከበበው ቀለበት መሆኑን በ1659 ባሳተመው መጽሐፍ አስረዳ።

ቀለበቱ በ2024 ዓ.ም. በሰፊው ይገለጥና ጥቅምት 5 ቀን 2031 ዓ.ም. እንደገና በጠርዙ ይዞራል። ከ2001 እስከ 2017 ዓ.ም. የነበረው ጊዜ 15 ዓመት ተኩል ያህል ሲሆን የሚቀጥለው 13 ዓመት ተኩል ብቻ ነው፤ ሳተርን ለፀሐይ ሲቀርብ ይፈጥናልና።

ከሚሴ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 11 ዲግሪ ያህል ብቻ ስለምትርቅ ሳተርን በቦርከና ሸለቆ ላይ ከፍ ብሎ ያልፋል። በለንደን ግን በአንዳንድ ዓመታት ከአድማስ ብዙም ስለማይርቅ ወፍራሙ አየር ምስሉን ያንቀጠቅጠዋል። የጎደለን መነጽር ነው። በእንጦጦ ተራራ ባለ 1 ሜትር መስተዋት ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ፤ ለዚህ ሥራ ግን 30 ጊዜ ያህል የሚያጎላ ትንሽ ቴሌስኮፕ ይበቃል። በየዓመቱ ቀለበቱን ሥሉ፤ ስፋቱንም ለርዝመቱ አካፍሉ። ርዝመቱ 20 ሚሊ ሜትር፣ ስፋቱ 9 ሚሊ ሜትር ቢሆን 0.45 ይሆናል፤ በሳይን ሠንጠረዥ ብትፈልጉት 27 ዲግሪ ገደማ ታገኛላችሁ።