ድጋፍ ከ12ኛ ክፍል በኋላ ወይስ በ1ኛ ክፍል? በአማርኛ ንባብ የሚቸገሩ ተማሪዎችን ቀድሞ ስለ መለየትና ስለ መርዳት

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያስመዘገቡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከዚህ ውጤት በኋላ ዩኒቨርሲቲዎች የማካካሻ (ሪሚዲያል) ትምህርት መስጠት ጀመሩ። ድጋፉ ተገቢ ቢሆንም የሚደርሰው ተማሪው 12 ዓመት ከተማረ በኋላ ነው። የዚህ አጭር ጽሑፍ መከራከሪያ፣ ድጋፍ በ1ኛ ክፍል መጀመር እንዳለበትና ለዚህም ውድ መሣሪያ እንደማያስፈልግ ነው።

ኮኒ ጁል በ1988 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት 54 ሕፃናትን ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ተከታትለዋል። በ1ኛ ክፍል መጨረሻ ደካማ አንባቢ የነበረ ልጅ በ4ኛ ክፍል መጨረሻም ደካማ ሆኖ የመገኘት ዕድሉ 0.88 ነበር። ኪት ስታኖቪች ከሁለት ዓመት በፊት «የማቴዎስ ውጤት» ባሉት ጽንሰ ሐሳብ ምክንያቱን አብራርተዋል፦ ማንበብ የቻለ ልጅ ብዙ ስለሚያነብ የቃላት ሀብቱ ይዳብራል፤ ያልቻለው ንባብን ይሸሻል፤ ልዩነቱም በየዓመቱ ይሰፋል።

በአገራችን በ2010 እ.ኤ.አ. የተካሄደው የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ምዘና፣ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንድም ቃል ማንበብ እንዳልቻሉ አሳይቷል። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲን ተከትሎ በ1ኛ ደረጃ የመጀመሪያ ክፍሎች የተዘረጋው ነፃ ዝውውር ከተከታታይ ምዘና ጋር የተጣመረ ነበር። ምዘናው ነጥብ ከመመዝገብ ካላለፈ ግን ከልጁ ጋር ክፍተቱም ይዛወራል። መፍትሔው ልጁን ክፍል ማስደገም ሳይሆን ዝውውሩን በድጋፍ ማጀብ ነው።

በአማርኛ ችግሩን የሚሸፍን አንድ ልማድ አለ። ከ33ቱ ፊደላት በሰባት ቅርጽ የሚገኙትን 231 ሆሄያት ልጆች በዜማ፣ በተራ ያጠናሉ። በተራ የሚያነበንብ ልጅ ያነበበ ይመስላል፤ «ሙ»ን ለብቻው ሲያዩት ግን ከ«መ» ተነሥተው ካልቆጠሩ የማይለዩት አሉ። ስለዚህ መለያው ፈተና ሆሄያትን አዘበራርቆ ማቅረብ ነው። መምህሩ በአንድ ወረቀት ላይ የተዘበራረቁ ሆሄያትንና አጫጭር ቃላትን አዘጋጅቶ፣ እያንዳንዱን ልጅ ለአንድ ደቂቃ ቢያስነብብ 60 ተማሪዎች ያሉትን ክፍል በጥቂት ቀናት ይጨርሳል።

ከዚያ በኋላ የሚቸገሩትን በአምስት በአምስት መድቦ፣ በሳምንት ለተወሰኑ ቀናት፣ ባልያዙት ሆሄ ላይ ብቻ ማለማመድ ይቻላል። በየሁለት ሳምንቱ እንደገና ተመዝነው የበቁት ከቡድኑ ይወጣሉ። በሕንድ ፕራታም የተባለው ድርጅት ያስፋፋው አሠራርም ልጆችን በክፍላቸው ሳይሆን በደረሱበት ደረጃ መድቦ ማስተማር ነው። ሁለት ጥንቃቄዎች ያስፈልጋሉ። አንደኛ፣ ርእሰ መምህሩ ሰዓቱን በመርሐ ግብር ካልያዘው ሥራው በመምህሩ በጎ ፈቃድ ላይ ይንጠለጠላል። ሁለተኛ፣ ቡድኑ «የሰነፎች» የሚል ስም ከወጣለት ልጁ ከድጋፉ ይሸሻል።

ለተመራማሪዎች የሚቀረው ጥያቄ ግልጽ ነው፦ በ1ኛ ክፍል በየወሩ ስንት የተዘበራረቁ ሆሄያትን መለየት ያልቻለ ልጅ ድጋፍ ይሻል? ይህን ወሰን በአቅራቢያቸው ካሉ ትምህርት ቤቶች ጋር ሆነው የሚያጠኑ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች፣ ዩኒቨርሲቲዎች ዛሬ የተሸከሙትን የማካካሻ ሸክም ከምንጩ ያቀልላሉ።