ስለ ጣና ዓሣ መብዛትና ማነስ

በአዲስ አበባ በሜክሲኮ አደባባይ ዙሪያ ባሉት ምግብ ቤቶች በጾም ወራት የዓሣ ፈላጊ ይበዛል። ገዢው ዋጋውን ይጠይቃል እንጂ ዓሣው በየትኛው ወር፥ ከየትኛው ውሃ እንደ ተያዘ አይጠይቅም። ዓሣውን ከሚሰጡት ሐይቆች አንዱ ጣና ስለ ሆነ፥ የጣና ነገር የባላገሩም የከተሜውም ጉዳይ ነው።

በጣና ቆሮሶ፥ አምባዛና ነጭ ዓሣ ይገኛሉ። ነጭ ዓሣ የሚባሉትን ሊቃውንት ላቤዎባርበስ ይሏቸዋል፤ ዓይነታቸውም ከ15 አያንስም። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታችኛው ዓባይ ስለ ለያቸው፥ አብዛኞቹ ከጣና በቀር በዓለም ላይ በሌላ ስፍራ አይገኙም። ስለዚህ ከጣና ከጠፉ ፈጽመው ጠፉ ማለት ነው።

ቆሮሶ በሐይቁ ዳር ይራባል፤ እናቲቱም ዕንቁላሏንና ግልገሎቿን በአፏ ይዛ ትጠብቃለች። ከነጭ ዓሣ ወገን ግን እኩሌታ ያህሉ በክረምትና በመፀው፥ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት፥ ወደ ርብ፥ ወደ ጉማራ፥ ወደ መገጭና ወደ ሌሎችም ወንዞች ወጥተው በጠጠር ላይ ዕንቁላላቸውን ይጥላሉ። ከመውጣታቸውም በፊት በወንዙ አፍ ይሰበሰባሉ። በዚያ ጊዜ መረብ የጣለ ሰው በአንድ ሌሊት ብዙ ያገኛል፤ ነገር ግን የያዘው የሚመጣውን ዘመን ዘር ነው።

በጣና ዓሣ አስጋሪዎች ከጥንት ጀምሮ በደንገል ታንኳ ያጠምዱ ነበር። በአውሮጳ አቆጣጠር ከ1986 ወዲህ የሞተር ጀልባና ረጅም መረብ መጣ። ከ1991 እስከ 2001 በባሕር ዳር ወገን በተደረገው ምርመራ፥ ነጭ ዓሣ በክብደት 75 ከመቶ፥ በቁጥር 80 ከመቶ ያህል ቀንሶ ተገኘ፤ የትንንሾቹ መቀነስ ከዚህም የባሰ ነበር። መርማሪዎቹ ምክንያት አድርገው ያቀረቡት ወላጆቹ ሳይወልዱ በመረብ መያዛቸውንና በወንዝ ውስጥ በብርብራ ፍሬ መመረዛቸውን ነው።

መምህሩ ይህን በባቄላ ሊያስረዳ ይችላል። 100 ፍሬ ያስቀምጥ፤ በየዓመቱ በአምስቱ ፍሬ ላይ አንድ ይጨመር። ተማሪው በየዓመቱ 20 ቢወስድ 100ው ሳይጎድል ይኖራል። 30 ቢወስድ ግን በአምስተኛው ዓመት መጨረሻ 24 ብቻ ይቀራሉ፤ በስድስተኛውም ዓመት የሚወስደው 30 አይሞላለትም። በጥቂት ብልጫ ምክንያት ዋናው ያልቃል።

«ውሃው ሰፊ ነው፤ ዓሣው አያልቅም» የሚል ሰው ቢኖር፥ ከጣና እጅግ የሚሰፋውን የኒውፋውንድላንድን ባሕር ያስብ። የካናዳ መንግሥት ኮድ የሚባለው ዓሣ ስላለቀ በ1992 ማጥመድን ከለከለ፤ ብዙ ሺህ ሰዎችም ሥራ አጡ። ክልከላው እስከ 2024 ድረስ ቆየ።

በኢትዮጵያም በ1995 ዓመተ ምሕረት የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 ወጥቷል። ነገር ግን ሕግ የሚጸናው በወንዙ ዳር ባለው ሰው ነው። ሽማግሌዎች ዓሣው በሚወልድበት ወራት በወንዝ አፍ መረብ እንዳይጣል፥ ብርብራም በውሃ እንዳይበተን ቢመክሩ፥ መምህራንም ምክንያቱን ቢያስተምሩ፥ ዛሬ የተተወው ዓሣ ነገ በልጆቹ መረብ ይገኛል።