የዶሮ ማደሪያና የሕፃናት ጤና

ከሾላ ገበያ ተገዝታ ወደ እንጦጦ አቀበት የምትወጣ ዶሮ ብዙ ጊዜ እግሯ ታስሮ፥ ቁልቁል ተንጠልጥላ ነው የምትሄደው። እቤት ስትደርስም በዚያው ዕለት ከነባሮቹ ጋር ትቀላቀልና ማታ ከመደብ ሥር ታድራለች። ይህ ልማድ ለዶሮይቱም ለሕፃኑም አይስማማም። ስለዚህ ዶሮ እንደምን ብትያዝ እንደሚመቻትና ቤተ ሰቡም ከበሽታ እንደሚጠበቅ ከዚህ በታች እናስረዳለን።

ጉዳቱ ምንድን ነው?

በዶሮ ኩስ ውስጥ ተቅማጥ የሚያመጡ፥ በዓይን የማይታዩ ተውሳኮች አሉ። ዳዴ የሚል ሕፃን ደግሞ መሬት የነካ እጁን ወደ አፉ ይወስዳል። ተቅማጥ የሚመላለስበት ልጅ ይከሳል፥ ይቀነጭራልም፤ ቶሎ ካልታከመ ሊሞት ይችላል። እናት እንቁላሉን ለልጄ ብላ ዶሮ ታረባለች፤ ኩሱ ከቤት ካልወጣ ግን እንቁላሉ የሰጠውን ጉልበት ተቅማጡ ይወስደዋል።

ዶሮይቱን እንዴት እንያዛት?

1ኛ/ አመጣጧ፦ አየር በሚያስገባ ቅርጫት ወይም በክንድ ታቅፋ ትምጣ። ቁልቁል ስትንጠለጠል የሆድ ዕቃዋ ሳንባዋን ስለሚጫነው ትንፋሽ ያጥራታል። እቤት ከደረሰች በኋላ 2 ሳምንት ለብቻዋ ትቆይ፤ በሽታ ይዛ መጥታ እንደሆነ ሌሎቹን አታስጨርስም።

2ኛ/ ማደሪያዋ፦ ከመኖሪያ ቤት ውጭ፥ ነፋስ በማይበረታበት በኩል፥ በባሕር ዛፍ እንጨት ትንሽ ቤት ይሠራላት። የእንጦጦ ሌሊት ብርዳም ነውና ግድግዳው ይመረግ፤ ከጣራው ሥር ግን የአየር መውጫ ይተውለት። 1 ካሬ ሜትር ለ4 ዶሮ ይበቃል። ዶሮ ከፍ ብላ ማደር ስለምትወድ ቆጥ ይደረግላት። በሩም ማታ በደንብ ይዘጋ፤ ሸለምጥማጥ ዶሮ ፍለጋ፥ እባብም አይጥና እንቁላል ፍለጋ ይመጣል።

3ኛ/ ምግቧ፦ ዶሮ ብታልም ጥሬዋን ይባላል፤ ዳሩ ግን ጥሬ ብቻ አይበቃትም። ቅጠላ ቅጠልና የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት ይጨመርላት። ውሃዋም በየቀኑ ይለወጥ።

4ኛ/ መታጠቢያዋ፦ ዶሮ አፈር ላይ የምትንከባለለው ቅንቅኗን ለማራገፍ ነው። ደረቅ አሸዋና የበረደ የእንጨት አመድ ደባልቃችሁ በሣጥን አኑሩላት።

5ኛ/ ክትባቷ፦ ፈንግል መድኃኒት የለውም፤ ክትባት ግን አለው፤ ቢሾፍቱ ውስጥም ይመረታል። የአካባቢያችሁን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጠይቁ። ታማ የሞተች ዶሮ አትበላ፥ ገበያም አትውጣ፤ ጉድጓድ ተምሶ ትቀበር።

ከእናቶች የሚጠበቅ

ኩሱን በየጠዋቱ ጠርጋችሁ ልጆች ከማይደርሱበት ጉድጓድ ጨምሩት፤ ሲብላላ ለጓሮ አትክልት ጥሩ ማዳበሪያ ይሆናል። ሕፃኑን በንጹሕ ምንጣፍ ላይ አስቀምጡት። ዶሮ ወይም እንቁላል ከነካችሁ በኋላ፥ ልጅም ከማጉረሳችሁ በፊት እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። እንቁላሉም በደንብ ይብሰል። ልጁ ተቅማጥ ከያዘው ጡት ሳታቋርጡ ፈጥናችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ይህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ጥቂት እንጨት፥ ጭቃና ትጋት ይበቃል። እንግዲህ ዶሮይቱም በቤቷ፥ ሕፃኑም በቤቱ ይደሩ።