የአሮጌ ኦቶማቲክ መኪና የካምቢዮ ዘይት፦ አመራረጡና አቀያየሩ

ሶዶ 2,000 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት። ጠዋት ወደ አርባ ምንጭ የተነሣ መኪና በሁምቦ በኩል ወደ አባያ ሐይቅ ቆላ ይወርዳል፤ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሳይበርድለት ሰውና ሙዝ ጭኖ ያንኑ ዳገት ይመለሳል። በማኑዋል መኪና ዳገቱን የሚችለው ፍሪሲዮኑ ነው። በኦቶማቲክ ግን ጣጣው ሁሉ ዘይቱ ላይ ይወድቃል። የሞተሩን ጉልበት ወደ ካምቢዮ የሚያሻግረው፣ ማርሹን በግፊት የሚቀያይረው፣ ብረቱን የሚያለሰልሰውና ሙቀቱን ተሸክሞ ወደ ራዲያተር የሚወስደው ያው አንድ ዘይት ነው። «የኦቶማቲክ ዘይት አይነካም» የሚለውን ወሬ አይስሙ።

ጊዜውም ካምቢዮ የሚጣልበት አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። እጅዎ ላይ ያለችው አሮጌ ኮሮላ ገና ብዙ ዓመት ልታገለግልዎ ይገባል።

በቀለሙ አይግዙ

ሱቅ ገብተው «የኦቶማቲክ ዘይት» ካሉ ቀይ ዘይት ይሰጥዎታል። ቀይ የሆነው ፋብሪካው ቀለም ስለጨመረበት ነው፤ ሲያፈስ ከሞተር ዘይት እንዲለይ። ዴክስሮን የሚባለው ዘይትም ቀይ ነው፣ የቶዮታ ቲ-ፎርም ቀይ ነው፣ ደብሊው ኤስም ቀይ ነው። ሦስቱ ግን በውፍረት ይለያያሉ፤ በካምቢዮው ውስጥ ያሉት የፍሪሲዮን ሳህኖች ሲገናኙ የሚኖራቸው አያያዝም በሦስቱ አንድ አይደለም። ደብሊው ኤስ ከቲ-ፎር ይቀጥናል፤ አንዱን በሌላው ቦታ መጨመር ወይም መደባለቅ አይገባም።

በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተሠሩ ብዙ ቶዮታዎች የሚጠይቁት ዴክስሮን 2 ወይም 3 ነው። እዚህ ላይ ገዢ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ፦ የዴክስሮን ባለቤት ጄኔራል ሞተርስ ለዴክስሮን 3 ፈቃድ መስጠቱን እ.ኤ.አ. በ2006 አቁሟል። ዛሬ ጠርሙስ ላይ «ዴክስሮን 3» ተብሎ ቢጻፍ ኃላፊነቱ የዘይት ፋብሪካው ብቻ ነው። ስለዚህ የሚታወቅ ፋብሪካ ስም ያለበትን፣ ክዳኑ ያልተነካውን ይግዙ። በርካሽ በጄሪካን የሚቀዳውን ይተዉት።

ቪትዝ ያላችሁ ደግሞ በተለይ ተጠንቀቁ። ከመጀመሪያዎቹ ቪትዞች ብዙዎቹ ባለ 4 ማርሽ ተራ ኦቶማቲክ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. ከ2005 ወዲህ ከተሠሩት ግን ብዙዎቹ ሲቪቲ ናቸው። ሲቪቲ ውስጥ የብረት ቀበቶ በሁለት መዘውሮች መካከል ተጨምቆ ይዞራል፤ የሚፈልገውም የራሱን የሲቪቲ ዘይት ነው። ተራውን ቀይ ዘይት ከሞሉበት ቀበቶው ይንሸራተትና ካምቢዮውን ይበላል።

የዘይቱ ስም የት ይገኛል? መጀመሪያ የካምቢዮውን ዘይት መለኪያ ዘንግ መዝዘው ጠርገው ያንብቡት፤ ብዙ ጊዜ ብረቱ ላይ ተቀርጾበታል። ከጠፋ የመኪናውን መጽሐፍ ይመልከቱ፤ እሱም ከሌለ የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ላይ ገልብጠው የቶዮታ ወኪል የሆነውን ሞኤንኮን ይጠይቁ። ስሙን ሳያረጋግጡ አንድ ሊትር እንኳ አይግዙ።

ከመቀየርዎ በፊት ይመርምሩ

ወደ ቦዲቲ ወይም ወደ አረካ መንገድ 20 ደቂቃ ያህል ነድተው ዘይቱን ያሙቁት። ከዚያ ሜዳ ቦታ ይፈልጉ። በዳሞታ ተራራ ሥር በተዘረጋች ከተማ ይህ ቀላል ባይሆንም ያዘነበለ መኪና ልኩን በትክክል አይናገርም። ሞተሩ እንደተነሣ፣ ፍሬን ረግጠው ማርሹን ከፒ ጀምረው እያንዳንዱ ላይ ትንሽ እያቆዩ እስከ ኤል ያሳልፉ፤ መልሰው ፒ ላይ ያድርጉት። ሞተሩን ሳያጠፉ ዘንጉን መዝዘው ክር በማይተው ጨርቅ ይጥረጉ፣ መልሰው ከትተው እንደገና ይምዘዙ። ልኩ «ሆት» በሚለው ምልክት ውስጥ መሆን አለበት። (ዘንግ የሌላቸው መኪኖች አሉ፤ ልካቸው የሚታየው ከሥር በሚከፈት ብሎን ስለሆነ ለሚያውቅ ባለሙያ ይስጧቸው።)

ከዘንጉ ላይ ሁለት ጠብታ ነጭ ወረቀት ላይ ያንጠባጥቡ። ቀይ ከሆነ ይደሰቱ። እንደ ሻይ ከጠቆረ ቀኑ ደርሷል። ሻይ በወተት ከመሰለ የራዲያተር ውኃ ገብቶበታልና መኪናውን አያንቀሳቅሱ። ጥቁር ሆኖ የተቃጠለ ሽታ ካለው፣ ዲ ላይም ሞተሩ እየጮኸ መኪናው የማይሄድ ከሆነ፣ ሳህኖቹ ተበልተዋል፤ አዲስ ዘይት አያድናቸውም። ገንዘቡን ለጥገናው ያስቀምጡት።

አቀያየሩ

ዘይቱ ለብ ብሎ እንጂ እየፈላ አይፍሰስ። መኪናውን በክሪክ አንሥተው ጠንካራ መደገፊያ ይግጠሙ። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር በፍጹም አይግቡ።

ከሥር ሁለት መክፈቻ ብሎኖች ያገኛሉ፤ አንዱ የሞተር፣ አንዱ የካምቢዮ ነው። በብዙ ቶዮታዎች የካምቢዮው በአለን ቁልፍ የሚፈታው ነው። ጥቂት ፈትተው የሚወጣውን ይዩ፤ የሞተር ዘይት ሆኖ ካገኙት ወዲያው መልሰው ይዝጉት።

የወጣውን አይድፉት፣ ይለኩት። ባለ 2 ሊትር የሃይላንድ ላስቲኮች ለዚህ ይበቃሉ፤ በእነሱ ቀድተው 3 ሊትር ከሆነ የሚመልሱትም 3 ሊትር ነው። ከሥር ያለውን የዘይት ሳህን ካወረዱ ማግኔቶቹን ይመልከቱ። እንደ ጭቃ የለሰለሰ ግራጫ ነገር የዕድሜ ነው፤ በጣት የሚያዝ የብረት ስብርባሪ ግን የአደጋ ምልክት ነው። ፊልትሮውንና ጓርኒሲዮኑን በአዲስ ይተኩ። የሳህኑን ብሎኖች ማዶ ለማዶ እያፈራረቁ በቀስታ ያጥብቁ፤ በኃይል የጠበቀ ሳህን ተጣሞ ማፍሰስ ይጀምራል።

አዲሱ ዘይት የሚገባው መለኪያ ዘንጉ በወጣበት ቀጭን ቱቦ ነው። መቅጃዎ ንጹሕ ይሁን፤ የመንገድ አቧራ ከገባ ማርሽ የሚቀይሩትን ጠባብ የዘይት መንገዶች ይዘጋል። ከሞሉ በኋላ ልኩን በሙቀቱ እንደ መጀመሪያው ይመርምሩ። ከልክ በላይ የሞላ ዘይት አረፋ ይሠራል፤ አረፋ ደግሞ ግፊት አይዝም።

አንድ ጊዜ ሲያፈሱ ሁሉም አይወጣም። ከ7.5 ሊትር 3ቱ ብቻ ከወጣ፣ አዲሱ ከመቶ 40 እጅ ነው፤ ሦስት ጊዜ ሲደግሙት 78 ይደርሳል። በማሽን ግፊት አንዴ አጥበው እንዲያወጡ የሚመክሩ አሉ። ለዓመታት ዘይቱ ላልተቀየረ ካምቢዮ ግን እኔ ይህን አልመርጥም፤ የተኛው ቆሻሻ በአንዴ ይነሣል። ሦስት ጊዜ ሲያፈሱ በየመካከሉ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ይንዱ፤ አርባ ምንጭ ሁለት ጊዜ ደርሶ መልስ ይበቃል።

አሮጌውን ዘይት ቦይ ውስጥ አይድፉት፤ የሶዶ ጎርፍ ታች ወዳሉት ማሳዎች ይዞት ይወርዳል። በላስቲኩ እንደታሸገ አሮጌ ዘይት ለሚሰበስብ ጋራዥ ይስጡት። ከዚያ በኋላ ለዳገትና ለቆላ መንገዳችን በየ40,000 ኪሎ ሜትሩ እንዲቀይሩ እመክራለሁ። ኪሎ ሜትሩንና የዘይቱን ስም በፕላስተር ጽፈው ከኮፈኑ ሥር ይለጥፉ፤ ቀጥሎ የሚከፍተው ሰው በቀለሙ እንዳይገምት።