ፋይንድ የተባለው የኤክሴል ቀመር «አነሰ» ወይም «በዛ» ሲል

አይከል ከጎንደር ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። በዚያ የሚያልፈውን የሰሊጥ ጭነት በኤክሴል ለሚመዘግብ ነጋዴ፣ አንድ ቃል በሴል ውስጥ ከስንተኛው ፊደል እንደሚጀምር የሚያሳየው ፋይንድ የተባለው ቀመር ነው።

ቀመሩ በቅንፍ ውስጥ ሁለት ነገሮችን በግድ ይሻል፤ እነርሱም የሚፈለገው ቃልና ቃሉ የሚፈለግበት ሴል ናቸው። ፍለጋው ከስንተኛው ፊደል እንዲጀምር የሚያመለክተው ሦስተኛው ቁጥር ግን በፈቃድ የሚጨመር ነው። ስለዚህ አንድ ብቻ ቢሰጡት አነሰ፣ አራት ቢሰጡት በዛ ብሎ ይመልሳል።

ይህ ሲደርስ አስቀድሞ ሴሉ አለመዘለሉን፣ ቀጥሎም ቅንፉ በቦታው መዘጋቱን መመርመር ይገባል። ቃሉ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ይግባ፤ መለያውም የአማርናው ነጠላ ሠረዝ ሳይሆን የላቲኑ ኮማ ይሁን።

ቀመሩ «ቫልዩ» የሚል ምልክት ቢያወጣ ግን ጉድለቱ የቁጥር ላይሆን ይችላል፤ ቃሉ አልተገኘም ማለት ሊሆን ይችላል። ኮምፒዩተር «ሰሊጥ»ንና «ሠሊጥ»ን እንደ ሁለት ቃል ያያቸዋል። ይህን ምልክት ሳይመረምር በዜሮ የሸፈነ ጸሐፊ፣ በመጋዘን ያለውን ኩንታል ከሒሳብ ያጎድላል። ስለዚህ የዕቃው ስም በመዝገቡ ሁሉ በአንድ ፊደል ይጻፍ።