ቤቱ ካልፈረሰ ተረፈ ማለት ነው?

ጥያቄ፦ ፒያሳ፣ በቅርስነት ከተመዘገበ ቤት አጠገብ ለባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ ቁፋሮ ተጀምሯል። ቅርሱን አንነካም ተብለናል። ይህ በቂ ነው?

መልስ፦ በቂ አይደለም። ከከፍታው ይልቅ የሚያስፈራኝ ጉድጓዱ ነው። የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ብዙዎቹ በጭቃ ወይም በኖራ በተያያዘ ድንጋይ፣ በእንጨትና በጭቃ ግድግዳ የቆሙ ናቸው፤ የብረት ማሰሪያ የላቸውም። አጠገባቸው ለምድር ቤት መኪና ማቆሚያ በጥልቀት ሲቆፈር አፈሩ ወደ ጉድጓዱ ይሸሻል፣ የከርሰ ምድር ውኃ በፓምፕ ሲሳብ ደግሞ መሬቱ ይሰምጣል። ቤቱ ማንም እጁን ሳያሳርፍበት ይሰነጠቃል።

ስለዚህ ቁፋሮው ሳይገፋ የጉድጓዱ ግድግዳ በሚገባ መደገፉን ጠይቁ። የቤቱ ስንጥቆች ሁሉ አሁኑኑ በፎቶ ይመዝገቡ። ስንጥቁ ላይ ትንሽ ጀሶ ተለጥፎ ቀን ይጻፍበት፤ ጀሶው ከተሰነጠቀ ግድግዳው እየተንቀሳቀሰ ነውና ሥራው ቆሞ መሐንዲስ ይየው። ጉዳት ከደረሰ በኋላ በሲሚንቶ መለሰን ጥገና አይደለም። ሲሚንቶ እርጥበት አፍኖ ጭቃውን ከውስጥ ያበሰብሳል። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረትም ቅርስ የሚጠገነው የቅርስ ባለሥልጣኑ በቅድሚያ ሲፈቅድ ነው።

አዲስ አበባ ወደ ላይ ማደጓን አልቃወምም፤ ሕዝቧ መኖሪያ ይፈልጋል። ግን አዲሱ ሕንፃ በመንገዱ በኩል ከአሮጌው ቤት ጣሪያ ከፍታ ጋር ተስተካክሎ ይጀምር፣ ረጅሙ ክፍል ወደ ኋላ ይሽሽ። ይህንንም በጽሑፍ ጠይቁ።